ለራሳቸው ሦስት የሰጡ መምህርት፤ የወይዘሮ እህተማርያም ዋለ የሕይወት ታሪክ

መምህርት እህተማርያም ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈነት ገብሬ ሚያዝያ 12 ቀን 1951 ዓ.ም በአርሲ ጠቅላይ ግዛት በአሰላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአውራጃው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ። ከስድስት ልጆች እሳቸው ሁለተኛ ሲሆኑ፣ ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ወንድማቸው ኃይለማርያም ዋለ ነኝ። እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም ከዚያ ውጭ ልጠራቸው አልችልም።

አባታችን በብዙ ነገር ገር ሰው ነበሩ። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም፤ ስለ ራስ መናገር ነውር ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ ስንተኛ እንደወጣን ከጠየቀ፣ አንደኛ የወጡት እትዬ አንገታቸውን ደፍተው "ደኅና ነው" ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ። ደረጃቸውን የሚናገሩት አባታችን ናቸው፤ እሳቸውም በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እትዬ እህተማርያም በዚህ ሥርዓት አደጉ፣ በዚህ ሥርዓት ኖሩ። ለምን ይህን እንዳስቀደምኩ ቆይቶ ይገባችኋል።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰላ ተከታትለው፣ በ1970 ዓ.ም ኮተቤ የመምህራን ኮሌጅ ገቡ። በ1972 ዓ.ም በአማርኛ ቋንቋ በዲፕሎማ ተመርቀው ናዝሬት ከተማ ተመደቡ፤ እዚያም ለሃያ ዓመት አስተማሩ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በክረምት ትምህርት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ሁለት ጊዜ ምስጉን መምህርት ተብለው ተሸልመዋል። ይህን እንኳ ያወቅነው ወደ አሜሪካ ሲመጡ ሻንጣቸውን ስናዘጋጅ፣ ወረቀቱን ከልጆች ክትባት ካርድ ጋር ተጣጥፎ ስላገኘነው ነው። በዚያ ዘመን ኢንስፔክተር ሳይነግር መጥቶ ከክፍሉ ኋላ ይቀመጥ ነበር። ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ተቀምጦ ያያል፣ የሚጽፈውን ይጽፋል። መምህሩ በቅጹ ላይ የሚሞላው ስሙንና የተቀጠረበትን ቀን ብቻ ነበር።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም ከአቶ ደረሰ መኮንን ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ኤልሳቤጥንና ፊልሞንን አፈሩ። ኤልሳቤጥን ሁላችሁም ኤሊ ብላችሁ ነው የምታውቋት። በነሐሴ 1992 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2000 ማለት ነው፣ ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ ሚኒሶታ መጡ። መጀመሪያ ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ፎቆች በአንዱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ኖሩ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ኮሎምቢያ ሃይትስ ተዛወሩ። አቶ ደረሰ በኤርፖርት ተቀጠሩ። እትዬ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ያጥቡና ያለብሱ ነበር። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ ሰው ናቸው፤ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማንም። ዛሬ ሳስበው፣ ባለማማረራቸው ደስ መሰኘታችን ስሕተት ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙለይሃ በጽዳት ከምትሠራበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አይታ፣ ቀድታ አመጣችላቸው። አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል ይላል። ወይዘሮ ዙለይሃ እዚህ አለች፣ ትመሰክራለች። እትዬ ለሦስት ሳምንት "ለዚህማ ዶክተሮች አሉ" እያሉ ማመልከቻውን አላስገባም አሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ ዙለይሃ እጃቸውን ይዛ፣ የራሷን ፈረቃ አስቀይራ፣ በአውቶቡስ ወስዳ ቢሮው በር ላይ አቆመቻቸው። እንዲህ ነው የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆኑት። የዩኒቨርሲቲውን ስም እዚህ አልጠራውም፤ እሳቸው ቢኖሩ አይወዱትም ነበር።

ለሃያ አንድ ዓመት አስተማሩ። በየዓመቱ ውል እየፈረሙ ነው እንጂ ቋሚ አልነበሩም። ክፍላቸው በሳምንት አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። በሽተኞቿን በቋንቋቸው ማናገር የፈለገች ነርስ መጥታለች፤ አያቱ በስልክ የምትለውን መስማት የፈለገ በኩን ራፒድስ ከተማ ያደገ ልጅ መጥቷል። በተለይ ግን በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ መጥተው፣ በሰሜን ሚኒሶታ ትንንሽ ከተሞች በነጭ ቤተሰብ ያደጉ ልጆች ይመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ሶሲ ናት። የወለደቻት እናቷ የጻፈችላት ደብዳቤ ለአሥራ ስድስት ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እትዬ እንዲያነቡላት ስትጠይቃቸው እንቢ አሏት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እኛም ስንሰማ ጨካኝ ሆኑ አልን። ሰባት ወር አስተማሯትና አንድ ቀን ከክፍል በኋላ "አሁን አምጪው" አሏት። ሶሲ ደብዳቤውን ራሷ ከላይ እስከ ታች አነበበች። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆሙ።

ሌላም ሥራ ነበራቸው፤ ደመወዝ የሌለው። በዚህ ከተማ ካለነው ኢትዮጵያውያን አንድ ሰው ሲያርፍ፣ የሟች ቤተሰብ ከቄሱ ቀጥሎ የሚደውለው ለእሳቸው ነበር። እንደዚህ ያለውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ልቅሶ ቤት ሄደው፣ ጥግ ይዘው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው ይጽፋሉ። ታክሲ ነጂውን፣ በምግብ ቤት ጓዳ ሲደክም የኖረውን፣ ከቤት ያልወጣችውን አሮጊት ሁሉ የሚገባቸውን ምስጋና ሳያጋንኑ ይሰጡ ነበር። ሌላ ሰው የጻፈው ሲነበብ ደግሞ እርሳስ አውጥተው የታተመውን ፕሮግራም እዚያው ያርሙ ነበር። ዛሬ ይህን በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ስሕተት ብታገኙበት አራሚያችን ሳጥኑ ውስጥ ናቸውና ይቅር በሉን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በ2022 እ.ኤ.አ መኸር ዩኒቨርሲቲው የአሥር ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ አወጣ። ዓላማው የትምህርት ልህቀት ነው ተባለ። ስልሳ አራት ገጽ ነበር። አብዛኞቹ መምህራን በኢሜይል ደርሷቸው ሳይከፍቱት እንዳለፉት ሰምቻለሁ። እትዬ ግን አሳትመው፣ አስጠርዘው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። የከበዳቸውን ቃል በዳር በዳሩ በአማርኛ ተረጎሙ። አስተያየት በሚሰበሰብባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ተገኝተው፣ ከፊት ተቀምጠው ማስታወሻ ያዙ። እራት ላይ ስለ ዕቅዱ ያወሩን ነበር። ፊልሞን "እማ በፕላኑ ፍቅር ያዛት" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እውነትም ነው። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ክፍላቸው ቋሚ መምህር ተቀጥሮለት፣ ከእሳቸው በኋላም ይቀጥላል ብለው ተስፋ ያደረጉት በዚያ ዕቅድ ነበር። ለራሳቸው ምንም አልፈለጉም። ክፍሉ እንዳይዘጋ ብቻ ነበር የፈለጉት።

በ2023 እ.ኤ.አ ጥቅምት ላይ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ራሱን የሚገመግምበት ቅጽ ተላከ። ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። የማስተማር ጥራት፣ የተማሪ ውጤት፣ ለማኅበረሰቡ ያለው ጥቅም፣ እያለ ይሄዳል። ከታች ደግሞ ክፍሉን ከሌሎች ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ሰፊ ሣጥን፣ ከእሱም ቀጥሎ ስለ ድክመት የሚጠይቅ ትንሽ ሣጥን አለ። የአማርኛ መምህርት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው።

እትዬ ለአምስቱ ጥያቄዎች ሦስት ሦስት ሰጡ። በአገር አቀፍ ደረጃ ስላለው ዝና ለሚጠይቀው ሁለት ሰጡ። ልዩ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው በሚለው ሰፊ ሣጥን ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ይህን ሌሎች ቢናገሩት ይሻላል የሚል። በድክመቱ ሣጥን ውስጥ ቦታው አልበቃቸው ብሎ ተጨማሪ ገጽ አያያዙ። መጽሐፉ አርጅቷል፣ የድምፅ ልምምዱ ያንሳል፣ መምህርቷ የዶክትሬት ዲግሪ የላትም፣ እንግሊዝኛዋም ገና ነው ብለው ጻፉ። ስለ ሶሲ ደብዳቤ አልጻፉም። ለመመዝገብ ተራ ስለሚጠብቁት ተማሪዎችም አልጻፉም።

ኤሊ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ቅጽ ትሞላለች። ከመላኩ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይታው ደነገጠች። እኔም ነበርኩ።

"እማ፣ ኖ! እንደዚህ አይሞላም እኮ። ሁሉንም ፋይቭ አድርጊው። እኔ ራሴን ሪቪው ሳደርግ ሁሌም ፋይቭ ነው የምሰጠው።"

"ታዲያ ያንቺ አለቃ ዓይን የለውም?" አሏት።

"እነሱ ክላስሽን አያዩትም፤ ወረቀቱን ነው የሚያዩት።"

"መጥተው ያዩታል። እኔ አምስት ብዬ ጽፌ ሲመጡ አራት ሆኖ ቢያገኙኝስ? ሰው ራሱን ሲያመሰግን አያፍርም?"

ኤሊ እናቷን ተወችና ወደ እኔ ዞረች፤ አጎቴ ንገራት እንጂ አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የምናዘዘው። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ፣ ደስም አለኝ። አባታችን ቢሞሉት ኖሮ እንዲህ ነበር የሚሞሉት። "እትዬ፣ የጨዋ ልጅ አጻጻፍ ነው፤ እንዳይነካ" አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ላኩት። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ የማውቀው የለም። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሦስታችን የዚህን አገር አሠራር የምታውቀው ኤሊ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሁለታችን ተባብረን ዝም አሰኘናት።

ከዚያ በኋላ እትዬ መጥተው የሚያዩትን ሰዎች መጠበቅ ጀመሩ። ክፍሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ወንበር ባዶ ይተዉ ነበር። ተማሪ እንዳይቀመጥበት ቦርሳቸውን ያስቀምጡበታል። ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶ ይዝነብ ብርድ ይሁን፣ ደኅና ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ማንም አልመጣም። ተማሪዎቹ ወንበሩ ለማን እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ ለእንግዳ ነው አሏቸው።

በመጋቢት ወር 2024 እ.ኤ.አ ደብዳቤው መጣ። ዕቅዱ የትምህርት ክፍሎችን በሦስት ከፍሏል፤ የሚጠናከሩ፣ ባሉበት የሚቀጥሉ፣ ቀስ በቀስ የሚዘጉ። አማርኛ ከሦስተኞቹ ጋር ሆነ። ምክንያቱ ሁለት መስመር ነበር። ክፍሉ ራሱ እንደገለጸው ጥራቱ መካከለኛ ነው፣ ራሱ እንደገለጸው ከሌሎች የሚለየው ነገር አልተጠቀሰም ይላል። ክፉ ቃል የለበትም፤ የተጻፈውም በትሕትና ነው። የእትዬን የገዛ ቃል ነው መልሰው የላኩላቸው። እሳቸው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው "እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር በራሳቸው አንደበት ተናግረው አያውቁም።

ኤሊና ሶሲ ይግባኝ ጻፉ። ሶሲ የቀድሞ ተማሪዎችን አፈላልጋ ሦስት መቶ አርባ ፊርማ ሰበሰበች። ከነርሶች፣ ከአስተርጓሚዎች፣ ከሁለት አብያተ ክርስቲያናትና ከአንድ መስጊድ ደብዳቤ ተያያዘ። እትዬ እንዲፈርሙ ሲጠየቁ፣ ስለ ራሴ እንዴት እፈርማለሁ ብለው እንቢ አሉ። ኤሊ በዚያን ቀን በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች፤ ለአምስት ሳምንትም ወደ ቤት አልመጣችም። የይግባኙ መልስ በሰኔ ደረሰ። ለተሰበሰበው ድጋፍ አመስግኖ፣ ውሳኔው የተመሠረተው ክፍሉ ባቀረበው ግምገማ ላይ በመሆኑ ሊለወጥ እንደማይችል ገለጸ። ለተመዘገቡት ተማሪዎች ሲባል ግን አንድ ዓመት ተሰጠ።

የመጨረሻውን ክፍል ያስተማሩት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ ነው። እኔ ልወስዳቸው ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንደማንኛውም ቀን የቤት ሥራ ሰጡ። አንዱ ተማሪ መቼ እንደሚያርሙት ሲጠይቃቸው፣ አምጡልኝ፣ ቤቴን ታውቁታላችሁ አሉ። ሰሌዳውን ራሳቸው ጠርገው መብራቱን አጠፉ። መኪና ውስጥ እስከ ኮሎምቢያ ሃይትስ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። እኔም አንድ ነገር እንደማለት የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ፤ እስካሁን የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በዚያው በጋ እግራቸው ማበጥ፣ ትንፋሻቸው መቆራረጥ ጀመረ። የልብ ድካም እንደሆነ የታወቀው ግን በኅዳር 2018 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር "ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ብቻ ነው" እያሉ ይመለሱ ነበር። ሆስፒታል ሲተኙም ነርሶቹ ሕመማቸው ከአንድ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ሲጠይቋቸው ሁልጊዜ ሦስት ይሉ ነበር። መተንፈስ አቅቷቸው አልጋውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሦስት አሉ። ኤሊ ነርሷን ወደ ጎን ጠርታ "ሺ ኢዝ ማይ ማዘር። እሷ ሦስት ስትል እናንተ ዘጠኝ ብላችሁ ጻፉ" ስትላት ሰማሁ። ከእኛ መካከል ይህን ቋንቋ መተርጎም የተማረች እሷ ብቻ ናት፤ ያኔ ግን መሽቶ ነበር።

ዕቅዱ ገደላቸው የሚሉ ወዳጆች አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። እትዬ የሞቱት በልብ ሕመም ነው፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አድርገዋል። ግን ከዚያ ደብዳቤ በኋላ የኖሩበትን ሁለት ዓመት መኖር ነው ማለት ይከብደኛል። የሚያሳዝነኝ ክፍሉ መዘጋቱ ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጄ ዘጋሁት ብለው አምነው መሞታቸው ነው። ልጆቻችሁን ጨዋ አድርጋችሁ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን አስቡበት። ስለ ራስ አለመናገር ከአባታችን የወረስነው መልካም ነገር ነው፤ የሚሠራው ግን መጥቶ የሚያይ ሰው ባለበት ቤት ነው።

መምህርት እህተማርያም ዋለ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ቅዳሜ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 እ.ኤ.አ፣ ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ደረሰ መኮንንን፣ ልጆቻቸውን ኤልሳቤጥንና ፊልሞንን፣ የልጅ ልጃቸውን ኢያኤልን፣ አምስት ወንድሞችንና እህቶችን ትተው ሄደዋል። ከሃያ አንድ ዓመት ተማሪዎቻቸውም እዚህ ያላችሁ፣ ራሳችሁን ከቤተሰቡ ቁጠሩ። በበረዶ መንገድ ከኩን ራፒድስም ከሴንት ፖልም ለመጣችሁ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ በጠነከረበት በዚህ ብርድ እስከ መቃብሩ ለምትሸኙን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ቅጹን "እንዳይነካ" ያልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ጸሎቱንም እኔ ልጨርሰው። ጌታ ሆይ፣ እህቴ ዛሬ በፊትህ ቆመዋል። ስለ ሥራቸው እሳቸውን አትጠይቃቸው። ከጠየቅሃቸው ሦስት ነው የሚሉህ፣ ድክመታቸውንም ቦታ እስኪያልቅ ይዘረዝሩልሃል። አንተ ግን በየቀኑ ያን ክፍል አይተኸዋል። ያየኸውን አንተ ራስህ ጻፍላቸው። አሜን።